የውበቱ ስድስት ጎራሽ

ሙላቷ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወርድ ዓይኗ ወደ ባሏ የሥራ ጠረጴዛ ሄደ። ሞረዶቹ እንደ ወትሮው በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ ሞርሳው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ የላምባው ጣሳ ክዳኑ ተገጥሟል። ትናንት ወደ ማታ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከጠረጴዛው ጥግ ያስቀመጠችው የሽጉጥ ብረት ግን የለም። ጨርቁ ብቻ ተጨማድዶ ከወንበሩ ሥር ወድቋል።

ባሏ አንለይ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ብረቱን የት እንዳደረገው ብትጠይቀው፣ ውበቱ ራሱ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥቶ እንደ ወሰደው ነገራት። ረፋድ ላይ ሰው እልካለሁ ብሎ የነበረ ሰው ነው። የሙሽራይቱ አገር ሩቅ ስለ ሆነ ሠርገኞቹ በማለዳ ለመነሣት ተስማሙና በራሱ እግር መጣ። አንለይም ብረቱን ከጨርቁ አውጥቶ፣ ገጣጥሞ፣ ወልውሎ ሰጠው።

"እንዴት ደስ እንዳለው ብታዪ" አለ። "እጄን ሊስም ምንም አልቀረው።"

ሙላቷ ጨርቁን አንሥታ ወደ ፀሐዩ ወጣችና በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ያዘችው። ኖራ የተነሰነሰበት ጨርቅ ነው። ከነጩ መሐል የጣት አንጓ የምታህል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ቡናማ የላምባ መስመር ተጋድማለች።

የበሩን መቃን ተደገፈች።

በሮብ ገበያ ከተማና በዙሪያዋ አንለይን የማያውቅ ብረት ያዥ አልነበረም። በወታደርነት ዘመኑ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቷል። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ሌላው ባዶ እጁን ሲመጣ እሱ አንድ ከረጢት ሞረድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ተሸክሞ ገባ። ክላሽም ምንሽርም ሲመጣለት ይሠራል፤ ልቡ ያለው ግን ከአሮጌ ሽጉጥ ላይ ነው። በተለይም ስድስት ጎራሽ ከሚሉት ላይ። ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ ስድስት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ሆዱ ላይ አለው፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ጥይት ይገባል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር ክቡ እየዞረ ተረኛውን ጥይት ወደ አፈሙዙ ያቀርባል። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ንብረት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥን ሥር ዝጎ ይኖርና ልጅ ሲዳር ወይም አባት ሲሞት ትዝ ይላል።

አንለይ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሦስት ቀን በላምባ ይዘፈዝፈዋል። ከዚያ ብሎን በብሎን ይፈታዋል፣ ዝገቱን በአመድ ያሸዋል። የተሰበረ ሞላ ካገኘ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሞላ ቆርጦ ይተካል። የእጀታው እንጨት በስብሶ ከሆነ የበሬ ቀንድ ቀቅሎ፣ አለስልሶ፣ በባለቤቱ መዳፍ ልክ ይቀርጽለታል። የፈለገ መስቀል፣ የፈለገም ስሙን ያስቀርጽበታል። በመጨረሻ ትንንሾቹን ብረቶች በኑግ ዘይት እየነከረ ከፍም ላይ ያጠቁራቸዋል። ወረቀት የሌለውን ብረት ግን በደጁ አያሳልፍም፤ ሚሊሻዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አይደርሱበትም።

ዓይኑ መክዳት የጀመረው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ያወቀችው ሙላቷ ብቻ ናት፤ እሷም ያወቀችው ነግሯት አይደለም። ከሰው ጋር ሲነጋገር እንደ ዶሮ ራሱን ዘንበል እያደረገ በአንድ ወገን ማየት ጀመረ። የወደቀ ብሎን ሲፈልግ መሬቱን በመዳፉ ይዳብሳል። ቅዳሴ መሄድ ተወ፤ ጉልበቴን ያመኛል ይላል፤ እሷ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ድንግዝግዝ ደረጃው እንዳይጥለው ፈርቶ መሆኑ ይገባታል። ብሌኑ ላይ እንደ አጓት ያለ ነገር ቀስ በቀስ ሲያርፍ ቀን በቀን አይታዋለች። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለው ምን ሆኜ ይላታል። ከሐኪም ቤት በር ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው ቢያየው ወሬው ሮብ ዕለት ገበያ ላይ ይውላል። ዓይነ ሥውር ጠጋኝ ዘንድ ደግሞ ብረቱን የሚያመጣ የለም።

እጁ አልከዳውም። በጣቱ ጫፍ ብሎን ያወጣል፣ ሞላ ይመዝናል፣ የቀንዱን ልስላሴ ይለካል። ጣት የማያገኘው አንድ ነገር ቢኖር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ነው። ክቡ ብረት ደግሞ ስንጥቅ ካለበት ባሩዱ ሲነድ የተኳሹን እጅ ይዞት ይሄዳል። አንለይ በጦር ቤት አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት እንዲህ ሆኖ ሦስት ጣቱንና አንድ ዓይኑን ማጣቱን ነግሯት ያውቃል።

ስለዚህ ሙላቷ አንድ ነገር ታደርግ ጀመር። ብልሃቱ እንኳ የራሱ የአንለይ ነበር፤ ገና እንደ ተጋቡ ሰሞን የጦር ቤቱን ወግ ሲያወራላት የሰማችው ነው። ብረቱን ላምባ ውስጥ ታሳድራለህ፣ ከላዩ ሙልጭ አድርገህ ትጠርጋለህ፣ በኖራ በተነሰነሰ ነጭ ጨርቅ ትጠቀልለዋለህ። ስንጥቅ ከሌለው ጨርቁ እንደ ነጣ ይቆያል። ስንጥቅ ካለበት ከውስጥ የገባው ላምባ ቀስ ብሎ ያልበውና ኖራው ላይ መስመር ይጽፋል። አንለይ የሠራውን ሁሉ እንዲህ እያደረገች አሳድራ ጠዋት ከሱ ቀድማ ትፈታዋለች። እሱ አቧራ እንዳይነካው የጠቀለለችው ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ መስመር አግኝታለች። ያኔም ይቺ ነገር ምንድን ናት ብላ እንዳላወቀ ሰው ብረቱን ወደ ፊቱ ታቀርብለታለች። እሱም አጎንብሶ ብዙ ያይና፣ አዎ፣ እኔም አይቻት ነበር ይላል። ብረቱም በዚያው ይቀራል፤ ክብሩም አይነካም።

የውበቱ ሽጉጥ ከአያቱ የወረደ ነው። በቤቱ ወግ ሙሽራው በሙሽራይቱ ደጅ ቆሞ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩስበታል። ውበቱም ያገባ ዕለት ተኩሶበታል። በዚህ በ1998 ጥር ተራው የልጁ የጸጋው ሆነ። ጸጋው ግራኝ ነው። አንለይ እጀታውን ለግራ እጅ ሊቀርጽለት ልጁን አስጠርቶ መዳፉን እርጥብ ጭቃ ላይ አስጨበጠው። ልጁ ጭቃው ቀዘቀዘኝ ብሎ እየሳቀ እጁን ሲዘረጋ ያስታጠበችው ሙላቷ ናት። ከጠቋሚ ጣቱ ሥር ያለችውን የማጭድ ጠባሳ ሳይቀር ታውቃታለች።

አሁን ፀሐዩ ከደጃቸው ዋርካ በላይ ወጥቷል። ሠርገኛው መንገድ ከጀመረ ቆይቷል።

ሙላቷ ጨርቁን ይዛ ባሏ ፊት ቆመች።

"ይህን እየው" አለችው።

አንለይ ተቀበላት። አሽትቶ ላምባውን፣ ደባብሶ ኖራውን ለየው። ፊቱ ተለወጠ።

"ይህን ማን አስተማረሽ?"

"አንተ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጊ?"

"እሱን ኋላ ትጠይቀኛለህ። አሁን እየው።"

ጨርቁን ወደ ፀሐዩ አነሣው። ራሱን ወደ ግራ ዘነበለ፣ ወደ ቀኝ ዘነበለ። ጨርቁን አቀረበ፣ አራቀ። መስመሯ አፍንጫው ሥር ነበረች። ሙላቷ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችው፤ እዚያ ናት ብላ በጣቷ ልታሳየው ትችል ነበር፤ አላሳየችውም።

"ምንም የለበትም" አለ በመጨረሻ። "ንጹሕ ነው።"

አንለይ ጨርቁን ዝቅ አደረገ።

"መስመር አለ፣ አንለይ" አለችው ቀስ ብላ። "እንደ ጣት አንጓ ናት።"

"የጭረት ይሆናል። ስወለውለው የጫርኩት ይሆናል።"

"ጭረት ላምባ አያልበውም። አንተ ነህ የነገርኸኝ።"

ሙላቷ ነጠላዋን አገልድማ፣ በትር አንሥታ ወጣች። ከደጁ ስትርቅ ስሟን ሲጠራ ሰማችው፤ አልዞረችም። ብትዞር እንዴት ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው ብሎ ሊጠይቃት ነው።

የሙሽራይቱ አገር ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ነው፤ ለወጣት እግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ሙላቷ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የሌሊቱ ውርጭ ገና ከገብሱ ቃርሚያ ላይ አልረገፈም፤ ከወንዙ ዳር ያለው ሣር ከእግሯ ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። መጀመሪያ ሮጠች። ዳገቱ ሲጀምር ሩጫው ሳል ሆነባት፣ እርምጃዋን አሳጠረች። ድንች ጭና የምትወርድ አንዲት ሴት አግኝታ ስለ ሠርገኛው ጠየቀቻት። በቅሎ አሰልፈው፣ እያቅራሩ፣ የላይኛውን ድልድይ ሲያልፉ አይቻለሁ አለቻት፤ ቶሎ ከሄድሽ ምሳው ይደርስልሻል ብላም ቀለደችባት።

ከድልድዩ በላይ የመጀመሪያውን ተኩስ ሰማች።

እንደ ቆመች ቀረች። ድምፁ ገደሉን እየመታ ተመለሰ፤ ረጅም ነው፣ ስል ነው፤ የክላሽ ነው። ከአንለይ ጋር ስትኖር ጆሮዋ ይህን ለምዷል። ሽጉጥ እንዲህ አይጮህም፤ የሽጉጥ ድምፅ አጭር ነው፣ ድፍን ነው፣ በቡጢ በርን እንደ መምታት ያለ ነው። ሠርገኛው መቃረቡን ለሙሽራይቱ ቤት የሚያሳውቅበት ተኩስ ነው ማለት ነው። ደጁ ሲደርሱ ደግሞ ተራው የጸጋው ነው።

ሁለተኛ ተተኮሰ። ክላሽ ነው። ሦስተኛ። እሱም ክላሽ። በያንዳንዱ ቆማ ድምፁን ለይታ እግሯን ታነሣለች። በአቋራጩ ብትወጣ ይሻላል ብላ ከመንገዱ ወጥታ በጅባራ ተክሉ መካከል እየቧጠጠች ወጣች። በትሯ ከእጇ ወድቆ ገደል ገባ፤ ልታየው አልቆመችም።

ከጉብታው ስትወጣ ዳሱ ታያት፤ በአዲስ ባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ። ሠርገኛው ከአጥሩ በር ላይ ቆሟል። የሙሽራይቱ ወገን ልጃገረዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ፣ ሚዜዎቹን ይሳደባሉ። ሙሽራው ግራኝ ነው አሉ፣ ቀለበቱን በየትኛው እጁ ሊያስር ነው አለች አንዷ፤ አንዱ ሚዜ ደግሞ ሁለቱንም እጁን ታጥቦ መጥቷል፣ አንቺ የወደድሽውን ያዢ ብሎ መለሰላት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጸጋው አልሳቀም። ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ በግራ እጁ ይዞታል። አባቱ ውበቱ ከጎኑ ቆሞ ክንዱን ቀና እያደረገለት ነው። ከፍ አድርገህ ያዘው ይለዋል፤ ከጆሮህ አጠገብ፣ እኔም እንዲህ ነበር ያደረግሁት።

ሙላቷ በሰዉ መካከል በክርኗ እየገፋች ገባች። አንዷ ነጠላዋን ያዘቻት፤ ነጠላው በያዘችው ሴት እጅ ቀረ። የጸጋው ክንድ ገና ሲነሣ ደረሰች፤ በሁለት እጇ ክቡን ብረት ጭምር አድርጋ ጨበጠችው።

ዘፈኑ ተቋረጠ።

ውበቱ መጀመሪያ የሠርግ ጨዋታ መሰለው። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ላቧን፣ የተቧጨረ ክንዷን አየ።

"ሙላቷ፣ ምን ሆንሽ? እጅሽን አንሺ።"

"አላነሣም አያ ውበቱ።"

"ልጄ በሠርጉ ቀን ደጅ ቆሟል። ሰው ያያል።"

"ብረቱ ተሰንጥቋል።"

ከኋላ አንዲት ሴት አማተበች። በሠርግ ደጅ የመሰበርና የመሰንጠቅ ነገር አይወራም፤ ሟርት ነው። ሙላቷ ይህን ታውቃለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷም ታማትብ ነበር። የጸጋው እጅ ከእጇ በታች ይሰማታል፤ ሙቅ ነው፤ ልጁ ትለቀኛለች ወይስ ልልቀቅላት እያለ ግራ ገብቶት ቆሟል።

የውበቱ ድምፅ ዝቅ አለ። ተቆጥቶ ሲናገር እንዲህ ነው ድምፁ የሚወርደው።

"ዛሬ ማለዳ አንለይ በእጁ ገጣጥሞ ሰጠኝ። ስንጥቅ ቢኖረው አንለይ አያየውም ነበር?"

ጥያቄው ይሄው ነው። ዳገቱን ስትወጣ ሁሉ ስትሸሸው የነበረው። ጭረት መስሎት ነው ልትል ትችል ነበር። ቸኩሎ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጨርቁን ሳልፈታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነው፤ ይህ ሁሉ ከአፏ ደርሶ ነበር። ግን ውበቱ ካልተቀበለው ሽጉጡ ይተኮሳል። እዚህ ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ ከሮብ እስከ ሮብ ከአንለይ ጠረጴዛ የሚመላለስ ነው። የሚበልጠውን መምረጥ ነበረባት፤ መረጠች።

"አያየውም" አለች። "አንለይ ማየት ከተወ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። እኔ ነኝ የማይለት። ይቺኛዋን ሳላይ ወጣች።"

ከበቅሎዎቹ አንዷ ጭራዋን ስትወነጭፍ ይሰማል።

መካከል የገቡት የሠርገኛው ሽማግሌ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። ሁለቱንም እጅ ከሽጉጡ ላይ አስለቀቁና ለራሳቸው ያዙት። የሙሽራይቱ አባት ደጄ ላይ ደም ማየት አልፈልግም፣ የምትሞክሩትን ወዲያ ወርዳችሁ ሞክሩ አሉ። ውበቱም ይሁን አለ፤ ግን አንድ ነገር አክሎ።

"በጉንድ ላይ አስረን እንተኩሰዋለን። ደህና ከሆነ ግን ባልሽን ዕውር ብለሽ በልጄ ሠርግ ላይ ያወጣሽውን ቃል በዚሁ ሰው ፊት ትመልሻለሽ። ከዚያ እኔም ሰፈሬም ደጃችሁን አንረግጥም።"

"እሺ" አለች ሙላቷ።

ከቤቱ በታች ካለ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉንድ ላይ ሽጉጡን በጠፍር ጥፍር አድርገው አሰሩት። አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዞሩት። ከቃታው ላይ ረጅም ሲባጎ አስረው ከድንጋይ ካብ ኋላ ገቡ። ስድስቱንም ጥይት የጎረሰ ነበር። ውበቱ ሲባጎውን ራሱ ያዘ።

ሳበ። ሽጉጡ ጮኸ፤ ጢሱ ብን ብሎ ጠፋ። አየሩ ላይ የባሩድ ሽታ ቀረ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሁለተኛ ሳበ። ደህና ነው። ሦስተኛ። ደህና ነው።

ከካቡ ኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ ባሏን ልትጥለው ነው ሲል ሰማችው። ሌላው ምን ነክቷት ነው እንዲህ ያሳበዳት አለ። ሙላቷ ጨርቁ ላይ ያየችውን መስመር ለማሰብ ሞከረች፤ አሁን እየቀጠነች፣ እየጠፋች ታስቸግራት ጀመር። በርግጥ አይታታለች? ዓይኗስ ቢሆን የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን አይደለም። ባሏን በሰው ፊት ዕውር ያደረገችው ለአንዲት የላምባ ጠብታ ቢሆንስ?

"ወጋችን ሦስት ነው፤ ሦስቱም ሄደ" አለ ውበቱ። ሲባጎውን ለቀቀና ጸጋውን ሂድ ፍታው አለው። ልጁ ከካቡ ወጣ።

"አትንካው።"

ድምፁ ከላይ ነው። አንለይ ከጉብታው እየወረደ ነው፤ የማያውቀውን መሬት በበትሩ እየነካ፣ ልብሱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ። ስንቴ እንደ ወደቀ ሙላቷ ከጉልበቱ አወቀች። ኋላ እንደ ነገራት፣ እስከ ድልድዩ አንድ መንገደኛ በበቅሎ አድርሶት፣ ከዚያ ወዲህ ተኩሱን በጆሮው ተከትሎ ነው የመጣው።

አጠገባቸው ሲደርስ ስንት እንደ ተተኮሰ ጠየቀ። ሦስት አሉት። ስንት ይጎርሳል አለ። ስድስት አሉት።

"እንግዲያው ሦስት ቀርቷል።"

ውበቱ ወደ እሱ ተጠጋ። ተቆጥቷል፤ ግን ደግሞ ያዝናል፤ ብዙ ዓመት የሚያውቀው ሰው ነው።

"አንለይ፣ ሚስትህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አያይም አለችህ። ሰምተሃል?"

አንለይ ፊቱን ወደ ሰዉ መለሰ። ራሱን አላዘነበለም፤ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ያን ጊዜ ፀሐዩ ብሌኑ ላይ አረፈና አጓቱን የቀረበው ሰው ሁሉ አየው።

"ጨርቁን ሰጠችኝ፤ ወደ ፀሐይ አነሣሁት" አለ። "መስመሯን አይደለም፣ የያዝኩበትን ጣቴን እንኳ አላየሁትም። አንተንም አሁን የለየሁህ በድምፅህ ነው ውበቱ። እኔ ስንጥቅ አለ ብዬ መማል አልችልም። እሷ አይታለች። ሲባጎውን ካልሳብህ ለኔ ስጠኝ።"

ውበቱ ሲባጎውን አነሣ። ጸጋው ወደ ካቡ ተመለሰ። ሙላቷ ሳታውቀው የአንለይን ክንድ ይዛለች።

አራተኛው ተተኮሰ። ደህና ነው።

አምስተኛው ሲሳብ ድምፁ ሌላ ነበር። ሰፊ ነበር፣ የተቀደደ ነበር። የካቡ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ተንጣጣ። ጢሱ ሲገለጥ ክቡ ብረት ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ስባሪ ጉንዱ ውስጥ እስከ ግማሹ ተሰክቷል። ጠፍሩ ተበጥሷል። ለግራ እጅ የተቀረጸው ቀንድ ተሰባብሮ በሣሩ ላይ ተበትኗል።

ለረጅም ጊዜ ማንም ከካቡ አልወጣም። ጸጋው ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አውጥቶ አየው፤ ከፈተው፣ ጨበጠው። ውበቱ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ሲባጎውን በጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር፤ ጠምጥሞ ሲጨርስ ይፈታዋል፣ እንደገና ይጠመጥመዋል። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ለብቻቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አማተቡ።

ልጃገረዶቹ በሩን ሳይዘፍኑ ከፈቱ። በዚያ ቀን በዚያ ደጅ ሌላ ጥይት አልተተኮሰም። ሙላቷንና አንለይን ለምሳ አስቀምጠዋቸው ነበር፤ ውበቱ ራሱ እየዞረ ጠላ ቀዳላቸው። ሳይበሉ ብዙ ተቀመጡና ፀሐዩ ሳይወርድ ተነሡ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ አንለይ ትከሻዋን ያዛት። ከዚህ በፊት በመንገድ ላይ ይዟት አያውቅም።

"ሁለት ዓመት ተኩል" አለ።

"አዎ።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ብረቱን አንቺ ነበርሽ የምታይው።"

"አንተ ነህ የምትሠራው። እኔ አያለሁ እንጂ ምን አደረግሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትተወው ነበር።"

አንለይ ይህን ሲያመዛዝን ብዙ መንገድ ሄዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድንጋይ በድንጋይ አሻገረችው፤ እዚህ ርገጥ፣ አሁን በቀኝ፣ ይቺ ትላወሳለች እያለች።

ሮብ ዕለት ከጠረጴዛው ላይ አምስት ብረት ነበር። አራቱን ባለቤቶቻቸው ጠዋት ወሰዱ፤ አንዳንዱ ሊነግራቸው አፍሮ ዘመድ ልኮ አስወሰደ። አምስተኛው ሰው ከይጁቤ በኩል የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ እንደ ሆነ መጀመሪያ ማንም አላወቀም። ጎረቤቶች ጠጋ ብለው ሲያዋሩት ታዩ፤ ሽጉጡን ግን እንደ ተኛ ተወው። ሙላቷ ታይልኛለች ብሎ ሄደ፤ ይኸው ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወርደው መኪና ተሳፈሩ። መኪናው የገበያ መልስ ሰው፣ ዶሮና የድንች ማዳበሪያ ሞልቶበታል። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ዞሮ አንለይን ለየው፤ ሮብ ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ብረታቸውን ካስወሰዱት አንዱ ነው። ሊጠይቀው ፈልጎ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለ ከበደው ወዴት ናችሁ አለ።

ሙላቷ ዘመድ ጥየቃ ልትል አፏን ከፈተች።

"ለዓይኔ ነው" አለ አንለይ፣ ከኋላ ላለውም እንዲሰማ አድርጎ። "ሞራ ይዞኛል። ሐኪሙን አውጣልኝ ልለው ነው የምሄደው።"

ሰውዬው እግዚአብሔር ይማርህ አለው። ከኋላ ያሉትም አሉት። አንዲት እናት ደግሞ የሷ አጎት እንዴት እንደ ዳነ፣ ዓይኑ ስንት ቀን በጨርቅ እንደ ታሰረለት፣ ፈትተውለት መጀመሪያ ያየው የገዛ በጉን እንደ ነበር እየተነተነች ትነግረው ጀመር። አንለይ ራሱን ወደ እሷ ድምፅ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ስንት ቀን ታሰረ አልሽኝ እያለ ደጋግሞ ጠየቃት። ሙላቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሁሉንም ትሰማ ነበር።